18ኛ መንገድ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ለመኪና ቢዘጋስ? (አዳምስ ሞርጋን፣ ዲሲ)

ኮሎምቢያ_ሮድ

ሰላም ጤና ይስጥልን። ዲሲ ያላችሁ፣ ዲሲ ኖራችሁ የሄዳችሁም፣ እስቲ ሐሳብ ስጡበት።

አዳምስ ሞርጋን ያለውን 18ኛ መንገድ ታውቁታላችሁ። ከፍሎሪዳ አቬኑ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ኮሎምቢያ ሮድ የሚወጣው። ቀን ላይ ተራ የሰፈር መንገድ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ግን ሌላ ነው። ባሩ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ ያ ከሳህን የሚተርፍ ፒዛ የሚሸጥበት ቤት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሞላል። ሰዉ ከእግረኛ መንገዱ ተርፎ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። መሃሉ ላይ መኪና አለ። አይሄድ፣ አይቆም፣ ጡሩምባ ብቻ።

ይህ መንገድ የእኛም ነው። በ1980ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሐበሻ ምግብ ቤት ሲባል ዲሲ ውስጥ የሚታወቀው 18ኛ ነበር። ቀይ ባሕርና መስከረም ፈረንጁን በእጁ እንጀራ እንዲቆርስ ያስተማሩት እዚህ ነው። ዛሬ አብዛኛው ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሄዷል።

መንገዱን መዝጋትም አዲስ ነገር አይደለም። የአዳምስ ሞርጋን ቀን የሚባለው የሴፕቴምበር በዓል ከ1978 ጀምሮ አለ፤ ያን ቀን መኪና የለም። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ በሞቃቱ ወራት አንዳንድ እሁድ ይዘጋል። ሕፃናት አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ይስላሉ፣ ጠረጴዛ ይወጣል። ደስ ይላል።

እኔ የምለው፣ መኪናው አስቸጋሪ የሚሆነው እሁድ ቀን አይደለም። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው። ታዲያ ለምን ያን ጊዜ አይዘጋም? ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከካሎራማ ሮድ እስከ ኮሎምቢያ ሮድ ያለው ብቻ። ምን ትላላችሁ?

---

የሌሊት_ሾፌር

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ክፉ አይደለም። ግን ያን ሁሉ ሰው ቤቱ የሚያደርሰው ማን እንደሆነ አልጻፍክም።

ልንገርህ። ዓርብና ቅዳሜ ባር የሚዘጋው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ባቡር ከዚያ በፊት ያበቃል። ጣቢያውም ቢሆን ሰፈሩ ውስጥ አይደለም። ዉድሊ ፓርክ ነው ያለው፣ ድልድዩን ተሻግረህ። ተረከዙ ረጅም ጫማ ያደረገች ልጅ በጥር ብርድ ያን ድልድይ በእግሯ ስትሻገር አይቼ አላውቅም። ስልኳን ታወጣለች፣ እኔን ትጠራለች።

ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ የሚያነሳቸው እኛ ነን። ታክሲም፣ ኡበርም፣ ሊፍትም። የከተማው ሾፌር ደግሞ ግማሹ የአገር ልጅ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። መንገዱን ስትዘጋው ጥሪው አይጠፋም። ኮሎምቢያ ሮድ ላይ ይከመራል። እዚያ ደብል ፓርክ አድርጌ (ከቆመ መኪና ጎን ቆሜ) ስጠብቅ ፖሊስ ቲኬት ይለጥፍብኛል። ተሳፋሪው ሰክሮ «የት ነህ?» ይላል። «ጥግ ላይ ነኝ» እላለሁ። የትኛው ጥግ? ሲደክመው ይሰርዛል። ቲኬቱ ግን አይሰረዝም።

ምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ያገኛል፣ እግረኛው ነፋስ ያገኛል፣ የሾፌሩ ድርሻ ቲኬት ነው። እንዲህ ከሆነ አልደግፍም።

---

ብሩክሊን_ነኝ

ጋሽ ሾፌር አይቆጡ፣ ከእኛ ከተማ አንድ ነገር ላምጣ።

ኒው ዮርክ ያለውን ታይምስ ስኩዌርን በ2009 ግንቦት ላይ ሲዘጉት ሁሉም «እብደት ነው» ብሎ ነበር። ከንቲባው ብሉምበርግ ነበር፣ የትራንስፖርት ኃላፊዋ ጃኔት ሳዲክ ካን። ብሮድዌይን ከ42ኛ እስከ 47ኛ ለመኪና ዘጉት። መቀመጫው ስላልደረሰ ርካሽ ታጣፊ የባሕር ዳርቻ ወንበር ገዝተው አስፋልቱ ላይ ደረደሩ። ጋዜጣው ሁሉ ስለ ወንበሩ ሲያሾፍ መንገዱ መዘጋቱን ረሳው። በ2010 ፌብሩዋሪ ለዘለቄታው እንዲሆን ተወሰነ።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ክፍል ይኸውና። ውጤቱን የለኩት በታክሲዎች ጂፒኤስ ነው። በሾፌሮቹ ጉዞ! ከሚድታውን በምዕራብ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው ታክሲ 17 በመቶ ያህል ፈጠነ። የእግረኛ ጉዳት በ35 በመቶ ቀነሰ፤ በመኪና ውስጥ ያለው ሰው ጉዳት ደግሞ በ63 በመቶ። መዝጋቱ ሾፌሩንም ጠቀመ ማለት ነው።

---

የሌሊት_ሾፌር

> መዝጋቱ ሾፌሩንም ጠቀመ ማለት ነው።

ብሩክሊን፣ ማንሃታንም ነድቻለሁ። ብሮድዌይ ሰያፍ ነው። ሌላው መንገድ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እሱ አቋርጦ ያልፍና መብራቱን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። እሱን ስታወጣው 7ኛና 6ኛ አቬኑ ይተነፍሳሉ። ሂሳቡ እሱ ነው። አሪፍ ሂሳብ ነው፤ ግን የዚያ ቦታ ሂሳብ ነው።

18ኛን ብትዘጋ በምሥራቅ ያለችው ሻምፕሌን ናት። ጠባብ፣ ሰው የሚኖርባት። ከዚያ ወዲያ 16ኛ ነው። ዝም ብሎ ለሚያልፍ መኪና 16ኛ ይበቃዋል፤ ያን እኔም አልቃወምም። 18ኛን ለማቋረጫ የሚጠቀም መኪና ቢጠፋ ለማናችንም አይቀርብንም። የእኔ ጥያቄ ሰው ለማንሳት ስለሚቆም መኪና ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

---

ኮሎምቢያ_ሮድ

ይህ ልክ ነው። የሚያልፍና የሚቆም መኪናን ለይተን እንነጋገር። እኔም ሳላስበው አንድ ላይ ነው የደፈጠጥኳቸው።

---

ወጥ_ቤት_ናት

እኔ እዚያው አካባቢ አስተናጋጅ ነበርኩ፣ አሁን ወጥ ቤት ነኝ። ስለ እኛ ማንም አላነሳም።

መዘጋቱን እወደዋለሁ። በእሁዶቹ በር ላይ ቆሞ ሜኑ የሚያነብ ሰው ይበዛል። መኪና ሲኖር ሰው ይጣደፋል። ሲቆም ይገባል። ጠረጴዛ ውጭ ሲወጣ ቲፑም ይወጣል።

ማታ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ዕቃ የሚያመጣው መኪና ሌሊት አይመጣም ይባላል እንጂ በረዶ ሲያልቅ፣ ቢራ ሲያልቅ፣ አንድ ሰው ሮጦ በመኪናው ያመጣል። የት ያቁም? ከኋላ ያለው አሊ (የጓሮ መተላለፊያው) በቆሻሻ መኪናና በበርሜል የተሞላ ነው። ደግሞ ምግብ በስልክ የሚያዝ ደንበኛ አለ። ዓርብ ማታ ገቢያችን ግማሹ በር ላይ ቆሞ ከሚጠብቀው በሞተርና በብስክሌት ከሚያደርሰው ልጅ ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው። እኛ የምንወጣው ባሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ጽዳት አለ፣ ሂሳብ አለ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቲፔን በቦርሳ ይዤ መኪናዬን ያቆምኩበት ድረስ በጨለማ መሄድ አለብኝ። አሁን ሁለት ሕንፃ አልፌ ነው የማቆመው። ተዘጋ ማለት አምስትና ስድስት ብሎክ ነው። ስለ እግረኛ ስታወሩ ያች ሰዓት ላይ ያለችውን እግረኛም አስቧት።

---

ዝምተኛው_ጎረቤት

ከ18ኛ ጥግ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ብዙ ዓመቴ ነው። ልጆች፣ የእኔንም ስሙ።

ጡሩምባው ቢጠፋ አመሰግናለሁ። ግን ጡሩምባ ብቻ አይደለም እንቅልፍ የሚነሳው። ሰው ነው። ሲስቅ፣ ሲጣላ፣ ሲዘፍን፣ አጥር ላይ ሲሸና። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሰዉ ወደ ቤቱ ይገፋል። መንገዱ ባዶ ሲሆን የሚቆምበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ይህ ሰፈር እኮ አዲስ የመጠጥ ቤት ፈቃድ አይሰጥበት ተብሎ ለዓመታት እገዳ የኖረበት ነው። ያን እገዳ የጠየቅነው ወደን አልነበረም።

ሁለተኛ። ባለቤቴ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ቅዳሜ ማታ ከሰርግ ስንመለስ ታክሲው በር ላይ ያወርደናል። ኮሎምቢያ ሮድ ላይ ቢያወርደን ቁልቁለቱን በምን ትወርደዋለች? ያውም በሰካራም መሃል።

---

ኮሎምቢያ_ሮድ

ጋሼ፣ ስለ እትዬ ያነሱት እውነት ነው። ብዙ ከተማ ላይ ነዋሪና አካል ጉዳተኛ የያዘ መኪና ቀስ ብሎ እንዲገባ ይፈቀዳል፤ መንገዱን የሚዘጋው አጥር ላይ የቆመው ሰው ያስገባዋል። ቅዳሜ ማታ ያ ሰው ይኑር አይኑር ነው ጥያቄው።

---

ዝምተኛው_ጎረቤት

አጥሩ ላይ የሚቆመው ሰው ልጅ እግር ሆኖ «መታወቂያ አምጡ» ካለኝ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ግን እሺ።

---

ማይል_ሃይ

ከዴንቨር ነኝ። እኛ ጋ ያለውን ሳትሰሙ አትወስኑ።

16ኛ መንገዳችን ለመኪና የተዘጋው በ1982 ነው። ንድፉ የነ አርክቴክት አይ. ኤም. ፔይ ነው፣ መሬቱ በግራናይት የተነጠፈ፣ መሃሉ ላይ ነፃ አውቶቡስ የሚመላለስበት። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደህናው ጊዜ ቀን ላይ ግጥም ይል ነበር፤ ቢሮ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ። ማታ ላይ ጭር። ኮሮና መጣና ቢሮው ባዶ ሲሆን መንገዱም አብሮ ታመመ። ከዚያ ደግሞ በ2022 ድንጋዩን ሊቀይሩ አረሱት። እስከ 2025 ድረስ በአጥር ተከቦ ኖረ። ባለ ሱቁ አለቀሰ። በመሃል የዘጋው ዘጋ።

የአሜሪካን ታሪክ ብታዩት ብዙ ቦታ ላይ እንዲህ ነው። ካላማዙ ሚሺጋን በ1959 መንገዷን ዘግታ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በ1998 መኪናውን መልሳ አስገባች። ቺካጎ ስቴት ስትሪትን በ1979 ከአውቶቡስ በስተቀር ዘጋች፣ በ1996 ከፈተች። ፍሬስኖ ካሊፎርኒያ በ1964 ዘግታ በ2017 ከፈተች። ያኔ የዘጉት ገበያው ወደ ከተማ ዳር ሞል ስለሸሸባቸው ነው። ሰው እንዲመጣላቸው። ሰው የሌለበትን መንገድ ዘግተህ ሰው አይመጣም።

18ኛ ግን ተቃራኒው ነው። ሰዉ አለ፤ እንዲያውም ተርፏል። ስለዚህ ለእናንተ የሚያስፈራው ነገር ባዶነቱ አይደለም። ግንባታው ነው። ማንም መጥቶ «ድንጋይ እናንጥፍ፣ ዛፍ እንትከል፣ ሁለት ዓመት ብቻ ታገሡ» ካላችሁ ሩጡ።

---

ወጥ_ቤት_ናት

ማይል ሃይ፣ እሱንማ አይተነዋል። 18ኛን ከላይ እስከ ታች ቆፍረው በ2012 ነው የጨረሱት። ሰያፍ የነበረውን ፓርኪንግ አንስተው የእግረኛ መንገዱን አሰፉት። ዛሬ ያ ስፋት ጥሩ ነው። በጊዜው ግን ደንበኛ በጣውላ ላይ ተረማምዶ ነበር የሚገባው። ሲያልቅ ኪራይ ጨመረ። መንገድ ሲያምር መጀመሪያ የሚያየው አከራዩ ነው።

---

ፒያሳ_ማዶ

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ በዲሲ ጉዳይ ምን አገባህ አትበሉኝ። 😄

እኛ ጋ «መንገድ ለሰው» አለ። የተጀመረው ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ ጤና ሚኒስቴርም አለበት። በወሩ የመጨረሻ እሁድ ዋና ዋና መንገዶች ለሰዓታት ይዘጋሉ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሮለር ስኬት አለ፣ ኤሮቢክስ አለ፣ ስኳርና ደም ግፊት በነፃ ይለካል። መስቀል አደባባይ ሄዳችሁ ብታዩት ደስ ይላችኋል። ማንም ግን ለምን እንደሚሳካ አይጠይቅም። እሁድ ጠዋት ስለሆነ ነው። ሱቅ ገና አልተከፈተም፣ ጫኝና አውራጅ ቤቱ ነው፣ ሚኒባሱ በጎን መንገድ ይዞራል፣ ማንም አልሰከረም።

ያንኑ መንገድ ቅዳሜ ማታ ዝጋው ብትለኝ ሳቄ ይመጣል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ማታ ያለውን ታውቃላችሁ። ራይዱ፣ ላዳው፣ መኪና የሚጠብቁት የፓርኪንግ ልጆች፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩት፣ በር ላይ ቆሞ «ግቡ ግቡ» የሚለው። አንዱን ስታወጣ ሌላው የሚኖርበትን ታወጣለህ። የፓርኪንጉ ልጅ መንገዱ ሲዘጋ እንጀራው ተዘጋ። ስለ እሱ ማንም ስብሰባ አይጠራም።

ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር መጥቷል፣ መብራቱ አምሯል። በእግር መሄድ ምን ያህል እንደተሻሻለ አልክድም። ግን ፒያሳ ውስጥ እሄድባቸው የነበሩ ቤቶች የሉም። ለመራመድ ይመቻል፤ የምራመድበት ቤት ጎደለ። እዚያም ስትዘጉ ምን ለማቆየት እንደምትዘጉ አስቀድማችሁ ጻፉት።

---

ጽዮን_ከኢየሩሳሌም

የፒያሳው ልጅ ስለ ሰዓት ያለውን እኔም እደግፋለሁ።

እኛ ጋ ቤን ይሁዳ መንገድ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የእግረኛ ነው። ከጎኑ ያለው ያፎ መንገድ ደግሞ በ2011 ቀላል ባቡር ሲጀምር መኪና ወጣለት። ባቡሩ እስኪሠራ ድረስ መንገዱ ለዓመታት ተቆፍሮ ነበር፤ ባለ ሱቆቹ የተማረሩት አይረሳኝም። አሁን ከኢትዮጵያ መንገድ፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያናችን ወጥቶ በእግር ያፎ መንገድ መድረስ የሽርሽር ያህል ነው። መኪና አያሳስብም።

ግን ከተማዋ የምትኖረው በሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ይዘጋል፣ ባቡሩም ይቆማል። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ወጣቱ ባንዴ ይፈሳል። ዕቃ የጫነ መኪና ጠዋት ነው የሚገባው። ሁሉም ሰዓቱን ያውቃል። ሾፌሩ ያውቃል፣ ባለ ሱቁ ያውቃል። ለዚህ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ሳምንት ተዘግቶ አንዳንድ ሳምንት የሚከፈት መንገድ ግን ሁሉንም ያበሳጫል።

---

ኮሎምቢያ_ሮድ

ጽዮን፣ አመሰግናለሁ። የእሁዶቹ ችግር አሁን ገባኝ። ደንበኛው ራሱ የትኛው እሁድ እንደሆነ አያውቅም።

ታዲያ እንዲህ ቢሆንስ? ባሩ ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ 8 ሰዓት ላይ መንገዱ ይከፈት። ሾፌሮች ገብተው ያንሱ።

---

ቴክሳስ_ሙቀት

አይሆንም፣ አይሆንም። ኦስቲን ነው ያለሁት።

የእኛ 6ኛ መንገድ የታወቀ የባር መንገድ ነው። ለብዙ ዓመት ዓርብና ቅዳሜ ማታ በአጥር ይዘጋ ነበር። በ2025 ከተማው ሐሳቡን ቀይሮ መኪና መልሶ አስገባ። ምክንያቱ እንደ ጋሼ ጎረቤት ያለው ነው፦ መንገዱ ሲዘጋ ከባሩ የወጣውም ያልገባውም መሃል ላይ ይቆማል፣ ይጋፋል፣ ጠብ ይነሳል። በ2021 እዚያው ሕዝቡ መሃል ተኩስ ተከፍቶ ብዙ ሰው ቆስሏል። ስለዚህ መዝጋት ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም።

አንተ ያልከው ግን ከሁለቱም የባሰ ነው። 8 ሰዓት ላይ መንገዱ በሰው ሞልቷል። የጠጣ ሰው። አጥሩን አንስተህ መኪና ልታስገባ ነው? ወይ ከመጀመሪያው ክፍት አድርገው፣ ወይ ሰው እስኪያልቅ ዝጋው።

ሌላም አለ። ኒው ኦርሊንስ በ2025 የአዲስ ዓመት ሌሊት ቦርቦን ስትሪት ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አንድ ሰው በመኪና ገብቶ 14 ሰው ገደለ። መኪና የሚያግደው ምሰሶ በጥገና ላይ ነበር። መንገድ ስትዘጋ በቢጫ ፕላስቲክና በአንድ ፖሊስ መኪና አይደለም። ብረት ያስፈልጋል። ብረት ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ የሚከፍተው ሰው ያስፈልገዋል።

---

ፒዛ_በእጄ

ሁላችሁም ስታወሩ ፒዛውን የሚበላው ሰው የት እንደሚቀመጥ አልነገራችሁኝም። አሁን የሰው በር ላይ ነው የምበላው። ቅሬታዬን ተቀበሉኝ።

---

ዝምተኛው_ጎረቤት

የእኔ በር ላይ ነው ማለት ነው። ካርቶኑን ይዘህ ሂድ እባክህ።

---

የሌሊት_ሾፌር

ከሽፍት መልስ አነበብኩት። የኦስቲኑ ልጅ ልክ ነው። ሰው የሞላበት መንገድ ውስጥ 8 ሰዓት ላይ መኪና ይዘህ ግባ ብትለኝ አልገባም። አንዱ ኮፈኑ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ መስታወት ይመታል። ሰው ብነካ ደግሞ ፈቃዴም ኑሮዬም አለቀ።

ስለዚህ ዝጉት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ግን በቅድመ ሁኔታ።

በ2017 ዱፖንት ሰርክል ጋ ያደረጉት አለ። ኮነቲከት አቬኑ ላይ ከሐሙስ ማታ እስከ እሁድ ጠዋት ፓርኪንግ ከልክለው ጠርዙን ለመጫኛና ለማውረጃ ብቻ አደረጉት። ሥራችንን አቀለለልን። መቆሚያ ስላለህ ደብል ፓርክ አታደርግም። ተሳፋሪውም ምልክቱን ያያል። አፑም ራሱ ፒኑን (የመነሻ ቦታውን ምልክት) ወደዚያ ይወስደዋል፤ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ቢጠራ እንኳ «እዚህ ጋ ሂድ» ይለዋል። ከተማው ከኩባንያዎቹ ጋር ከተስማማ ይህ የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

እዚህም ያንን ነው የምፈልገው። ኮሎምቢያ ሮድ ላይ በአንድ በኩል፣ ከታች ደግሞ ፍሎሪዳ ጋ። ሁለቱም ጫፍ። ወደ ሰሜን የሚሄደው ከላይ ይነሳ፣ ወደ ቨርጂኒያ የሚሄደው ከታች። እንዲህ ከሆነ መኪና ሰፈሩ ውስጥ አይዞርም። ሻምፕሌንም ሰላም አገኘች።

መጀመሪያ የመጫኛው ቦታ ይቀባ፣ ምልክቱ ይተከል፣ ከዚያ መንገዱ ይዘጋ። መጀመሪያ ከዘጋችሁና «የሾፌሮቹን በኋላ እናያለን» ካላችሁ፣ ያ በኋላ አይመጣም። ከታክሲ ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

---

ብሩክሊን_ነኝ

ጋሽ ሾፌር ይህን ለከተማው ይጻፉት እንጂ እዚህ ብቻ አይቅር።

---

የሌሊት_ሾፌር

እንግሊዝኛዬ ለመንዳት እንጂ ለስብሰባ አልተሠራም።

---

ኮሎምቢያ_ሮድ

ይህ ሰበብ አይሆንም ጋሼ! ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት። አማርኛ በሕጉ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ አምጣ ብለው አስቀድመው ከጠየቁት ማምጣት አለበት። ነፃ ነው። አሜሪካ ውስጥ አማርኛ እንዲህ የታወቀበት ከተማ ብዙ አይደለም፤ እኛ ግን የምንጠቀምበት ፉድ ስታምፕ (የምግብ እርዳታ) ቢሮ ስንሄድ ብቻ ነው።

የአዳምስ ሞርጋን የሰፈር ኮሚሽን ኤኤንሲ 1ሲ ይባላል። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው፤ የሚናገሩት ግን ነዋሪና ባለ ንግድ ናቸው። ስለ ታክሲና ኡበር ሲወራ የሚያወራው ተሳፋሪው ነው።

---

ወጥ_ቤት_ናት

ከሄዳችሁ የእኔንም ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ነው። በረዶና ቢራ የሚያመጣ መኪና በአሊው እንዲገባ ቆሻሻው በሰዓቱ ይነሳ። ምግብ አድራሹ ልጅ ሳይክሉን ይዞ አጥሩን እንዲያልፍ ይፈቀድለት። ሠራተኛ ደግሞ ሌሊት የሚያቆምበት ቦታ ይኑር፣ ቅርብና ብርሃን ያለበት። አካባቢው ላይ የባንክና የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ሌሊት ባዶ ነው የሚያድረው። ባለቤቶቹን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነው።

---

ዝምተኛው_ጎረቤት

አስተርጓሚ ከመጣ እኔም እመጣለሁ። በአማርኛ ለመቆጣት ብዬ።

---

የሌሊት_ሾፌር

ጋሼ፣ ከመጡ በር ላይ አነሳዎታለሁ፤ እትዬንም። እህቴ፣ የሠራተኛውን ፓርኪንግ ከእኔ መጫኛ ቦታ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ጻፊው። ሁለቱ ለየብቻ ከቀረቡ አንዱን ሰጥተው ሌላውን ይረሱታል። ኮሎምቢያ፣ ስብሰባው መቼ ነው? ማክሰኞ ከሆነ አልችልም፣ ኤርፖርት ተራ አለኝ።

---

ኮሎምቢያ_ሮድ

ቀኑን አይቼ እዚሁ እለጥፋለሁ። የአስተርጓሚውን ጥያቄ ዛሬ እልካለሁ።